የአንድ ጥናት ጉዞ

ቅድመ ንባብ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. አንድ ተመራማሪ ያገኘውን እውቀት ሌሎች እንዲያውቁለት ምን ያደርጋል?
2. አንድ ሰው ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ሐሳቡን ያገኘበትን ምንጭ መግለጽ ያለበት ለምንድን ነው?
3. ብዙ ሰዎች የተቀበሉት ሐሳብ ሁልጊዜ እውነት ነው ለማለት ይቻላልን?

ማሳሰቢያ፦ በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ምንባብ

ሀ. የወሰን ከተማ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አንደኛው ወገኗ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ወገኗ በኬንያ ይገኛል። የኬንያዋ ሞያሌ በማርሳቢት ካውንቲ ሥር የምትተዳደር ስትሆን፣ ከናይሮቢ ተነሥቶ በኢሲዮሎና በማርሳቢት አቋርጦ የሚመጣው አውራ ጎዳና የሚያበቃው በእርሷ ዘንድ ነው። ከአዲስ አበባ በሀዋሳና በዲላ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደውም መንገድ ከዚያው ይደርሳል። በከተማይቱ ገበያ ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ጋሪውና ሌላውም ሶማሌ ይገናኛሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ መስማት በዚያ ብርቅ አይደለም።

ይህን አገር ለሁለት የከፈለው ወሰን የተወሰነው በ1907 በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መንግሥታት መካከል በተደረገው ስምምነት ነው። ስምምነቱ በተፈረመ ጊዜ የቦረና ሕዝብ ከፊሉ በሰሜን፣ ከፊሉ በደቡብ ቀረ። የግጦሽ መሬቱና የውኃ ጉድጓዱ ቢከፈልም ቋንቋው፣ ሥርዓቱና የዘመን አቆጣጠሩ አንድ እንደሆነ ቆየ። የአገሩ ሽማግሌ ከወሰኑ በየትኛውም ወገን ቢሆን ወሩን የሚለየው ጨረቃንና ከዋክብትን በማየት ነበር።

እነዚህ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን በጽሑፍ አላኖሩትም። ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉት በቃል ነው። ታዲያ ይህ እውቀት በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች በሚነበቡ መጻሕፍት ውስጥ እንዴት ሊገባ ቻለ? በገባስ ጊዜ ምን ደረሰበት? የዚህ ምንባብ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው።

ለ. ምሁሩና ሥራው

የቦረናን ሥርዓት ለዓለም ምሁራን በሰፊው ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ ናቸው። የተወለዱት በአሥመራ ከተማ ነው። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰውን ልጅ ባህልና ማኅበራዊ ኑሮ የሚያጠናውን የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ተከታትለው የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ በቦስተን፣ በኖርዝዌስተርንና በስዋርትሞር የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች አስተማሩ።

ፕሮፌሰር አስመሮም በ1960ዎቹ ዓመታት ወደ ቦረና ወርደው ከሕዝቡ መካከል በመቀመጥ የገዳን ሥርዓት አጠኑ። የጥናታቸው የመጀመሪያ ፍሬ በ1963 በአዲስ አበባ መታተም በጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ወጣ። ዐሥር ዓመት ቆይቶም በ1973 ስለ ገዳ የጻፉት ታላቅ መጽሐፍ በኒው ዮርክ ታተመ። መጽሐፉ አንድን የአፍሪካ ኅብረተሰብ በሦስት ልዩ ልዩ መንገዶች ለመመርመር የሚሞክር ነው።

የገዳ ሥርዓት መሠረቱ የጊዜ ስሌት ነው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል። ክፍሎቹ አምስት ስለሆኑ አንዱ ክፍል ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ የልጆቹ ክፍል ተራው እስኪደርስ ድረስ 40 ዓመት ያልፋል። የክፍሉ መሪ አባ ገዳ ይባላል። በየስምንት ዓመቱም ጉሚ ጋዮ የተባለው ታላቅ ጉባኤ ይሰበሰብና ሕግ ይመረምራል፤ አዲስ ሕግም ይደነግጋል።

ፕሮፌሰር አስመሮም ይህን ሥርዓት በመግለጽ ብቻ አልተወሰኑም። አንድ ሰው ወደ ገዳ ክፍል የሚገባው በዕድሜው ሳይሆን በአባቱ ክፍል መሠረት ስለሆነ፣ ትውልድ እየቆጠረ በሄደ መጠን በአንድ ክፍል ውስጥ ሽማግሌውና ሕፃኑ ሊቀላቀሉ እንደሚችሉ ተገነዘቡ። ስለሆነም ሕጉ ለብዙ ትውልዶች ቢሠራበት በሕዝቡ ላይ የሚያስከትለውን ውጤት በኮምፒዩተር አስልተው አቀረቡ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተርን ለእንዲህ ያለ የባህል ጥናት መጠቀም እምብዛም የተለመደ አልነበረም።

ሐ. ሰማይን የሚያነቡ ሊቃውንት

በቦረና ዘንድ ወሩንና ቀኑን የሚያሰሉት ሊቃውንት አያንቱ ይባላሉ። የቦረና ዓመት 12 የጨረቃ ወራት አሉት፤ ቀኖቹም 354 ያህል ናቸው። የቀን ስሞች ግን 27 ብቻ ናቸው። የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን ስለሚሆን ስሞቹ ከወሩ መጨረሻ በፊት ያልቃሉ። በዚህ ጊዜ ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ስም ይቀጥላል። በዚህም ምክንያት በአንዱ ወር መባቻ ላይ የዋለው ስም በሚቀጥለው ወር መባቻ ላይ አይውልም፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይሸሻል።

ፕሮፌሰር አስመሮም እንደ ጻፉት ለወራቱ ምልክት የሚሆኑት ሰባት ከዋክብት ወይም የከዋክብት ስብስቦች ናቸው። ስማቸውም ላሚ፣ ቡሳን፣ በከልቻ፣ አልገጂማ፣ አርብ ገዱ፣ ኡርጂ ዋላና ባሳ ይባላል። ዓመቱ የሚጀምረው አዲሷ ጨረቃ ከላሚ ጋር በምትታይበት በቢቶተሳ ወር ነው። በቀጣዮቹ አምስት ወራት አዲሷ ጨረቃ ከቀሩት ከዋክብት ጋር በየተራ ትታያለች። በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ደግሞ አያንቱ የሚመለከቱት ላሚን ብቻ ነው፤ ላሚ አጠገብ የምትታየው ጨረቃም በመጀመሪያ ሙሉ ሆና፣ ከወር ወደ ወር እየጎደለች ትሄዳለች።

ይህ ገለጻ በመጽሐፉ ውስጥ ጥቂት ገጾችን ብቻ የያዘ ነበር። ነገር ግን ከመላው መጽሐፍ ይልቅ ሩቅ የተጓዙት እነዚሁ ጥቂት ገጾች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መ. አንዱ ሌላውን ሲጠቅስ

በምሁራን ዘንድ አንድ ጸሐፊ ሐሳቡን ያገኘበትን የሌላ ሰው ጽሑፍ ስም ጠርቶ መግለጹ በዋቢነት መጥቀስ ይባላል። ይህ ልማድ ሁለት ጥቅም አለው። በመጀመሪያ ደረጃ የሐሳቡ ባለቤት ተገቢውን ምስጋና ያገኛል። በሁለተኛ ደረጃ አንባቢው ወደ ምንጩ ተመልሶ የተባለው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ይችላል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው የሌላውን ሐሳብ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው።

በ1978 ማርክ ሊንችና ሎረንስ ሮቢንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው ታዋቂ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። በኬንያ በቱርካና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ናሞራቱንጋ በተባለ ሥፍራ 19 የድንጋይ ዐምዶች ቆመው አገኙ። የዐምዶቹን አቅጣጫ ከለኩ በኋላ ፕሮፌሰር አስመሮም በመጽሐፋቸው ከገለጿቸው ሰባት ከዋክብት ጋር አመሳከሩት። በዚህም መሠረት ዐምዶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ከዋክብቱ ይወጡበት ወደ ነበረው አቅጣጫ የሚያመለክቱ ናቸው፤ ስለዚህም የዚህ የዘመን አቆጣጠር መነሻ በዚያን ያህል የቆየ ነው ሲሉ ደመደሙ።

ይህ ዜና በብዙ ምሁራን ዘንድ ታላቅ ግርምት አስነሣ። የቦረና ዘመን አቆጣጠር በሥነ ፈለክ መጻሕፍት ውስጥ መጠቀስ ጀመረ። ሆኖም ሁሉም ሰው የተባለውን እንዳለ አልተቀበለም። በ1982 ሮበርት ሶፐር የተባሉ የአርኪዎሎጂ ምሁር ወደ ሥፍራው ሄደው ዐምዶቹን እንደገና ለኩ። ድንጋዮቹ የማግኔት ጠባይ ስላላቸው የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዛቡም አመለከቱ። ስለዚህ አስቀድሞ የተወሰደው ልክ እንደገና መታየት ነበረበት።

በ1986 ደግሞ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሎረንስ ዶይል ሌላ ጥያቄ አነሡ። አዲሷ ጨረቃ በየወሩ የምትታይበት ሥፍራ ከከዋክብት መካከል የሰማይን ክበብ አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ያህል ይሸሻል። ከበከልቻ እስከ ባሳ ያሉት ከዋክብት ግን እርስ በርሳቸው የተቀራረቡ ናቸው። እንግዲያው ጨረቃ በየወሩ ከአንዱ ጎን ቀጥሎም ከሌላው ጎን እንዴት ልትታይ ትችላለች? ዶይል «ጨረቃ ከኮከብ ጋር ትታያለች» የሚለው አነጋገር ሁለቱ ጎን ለጎን መቆማቸውን ሳይሆን ከአድማስ ላይ በአንድ አቅጣጫ መውጣታቸውን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል ሲሉ አዲስ ትርጓሜ ሰጡ። በ1987 ክላይቭ ራግልስ በጉዳዩ ላይ የራሳቸውን ምርመራ አሳተሙ። በ1988 ደግሞ ጣሊያናዊው ማርኮ ባሲ በቦረና ምድር ተዘዋውረው ያገኙትን የመስክ ጥናት ዘገባ አቀረቡ። ስለ አያንቱ ሲከራከር የቆየው ዓለም ወደ አያንቱ ተመልሶ መጠየቅ እንዳለበት በዚህ ታወቀ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ በሚገኙት የዐምድ ሥፍራዎች በተደረገው ቁፋሮ ሥፍራዎቹ ከ4000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ታወቀ። እንዲህ ከሆነ የ300 ዓመተ ዓለሙ ስሌት መሠረቱ ተናጋ ማለት ነው። የቦረና አያንቱ እውቀት ግን በዚህ አልተነካም። የተናጋው ዐምዶቹን ከዚያ እውቀት ጋር ያያያዘው መደምደሚያ ነው።

ሠ. ለመቃወም መጥቀስ

አንድን ጥናት በዋቢነት የሚጠቅስ ሁሉ የጥናቱ ደጋፊ ነው ማለት አይደለም። ስለ ኮንሶ ሕዝብ የጻፉት ክሪስቶፈር ሃልፓይክ በ1976 የፕሮፌሰር አስመሮምን መጽሐፍ መሠረት አድርገው ስለ ገዳ አመጣጥ የተለየ አስተያየት አቀረቡ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኬንያ በቦረናዎች መካከል ጥናት ያካሄዱት እንግሊዛዊው ፖል ባክስተርም በ1978 በወጣ ጽሑፋቸው ገዳን በይበልጥ እንደ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ተመለከቱት። ፕሮፌሰር አስመሮም ግን ገዳ ሥልጣንን የሚያከፋፍልና የሚገድብ የፖለቲካ ሥርዓት ነው በሚለው አቋማቸው ጸኑ። በ2000 ባሳተሙት ሁለተኛ ታላቅ መጽሐፋቸውም የኦሮሞን ሥርዓት በአፍሪካ ምድር የበቀለ የዴሞክራሲ ሥርዓት ሲሉ ሰየሙት።

ይህ ክርክር ለጥናቱ ጉዳት አላመጣም፤ እንዲያውም ዕድሜውን አራዘመለት። ከእርሳቸው በኋላ የመጣ ተመራማሪ ሁሉ ከሐሳባቸው ቢስማማም ባይስማማም ስማቸውን ሳይጠራ ለማለፍ አልቻለም። በ2016 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው።

ረ. ተጠቃሽነት እንዴት ይለካል?

የአንድ ምሁር ሥራ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ በሥርዓት ለመቁጠር ሐሳብ ያቀረቡት አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ናቸው። ሐሳባቸውን በ1955 ገለጹ፤ በ1960ዎቹም የሳይንስ ጽሑፎችን የዋቢ ማውጫ ማሳተም ጀመሩ። በ2004 ጉግል የተባለው ኩባንያ የምሁራን ጽሑፎች መፈለጊያ ካቋቋመ ወዲህ ቆጠራው ለማንም ሰው በቀላሉ የሚገኝ ሆነ።

በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ደግሞ የአንድን ምሁር የሥራ ብዛትና ተጠቃሽነት በአንድነት የሚያሳይ መለኪያ አወጡ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የምሁሩ ሥራዎች ብዙ ከተጠቀሰው ጀምሮ በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ከዚያም ቢያንስ ሦስት ጊዜ የተጠቀሱ ሦስት ሥራዎች ካሉት መለኪያው 3፣ ቢያንስ አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ሥራዎች ካሉት 4 ይሆናል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ምሁር አምስት ሥራዎች 20፣ 9፣ 4፣ 3 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል እንበል። ሦስተኛው ሥራ አራት ጊዜ ስለ ተጠቀሰ ያልፋል፤ አራተኛው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ስለ ተጠቀሰ አያልፍም። ስለዚህ የዚህ ምሁር መለኪያ 3 ነው።

አሁን ደግሞ ዕድሜውን በአንድ መጽሐፍ ላይ ያሳለፈ ሌላ ምሁር እንውሰድ። መጽሐፉ 900 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ሁለት አጫጭር ጽሑፎቹ ግን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሰዋል። በዚህ ስሌት የእርሱ መለኪያ 1 ይሆናል። ከዚህ እንደምንረዳው መለኪያው የብዙ ጽሑፎችን ባለቤት ከፍ ሲያደርግ የአንድ ታላቅ መጽሐፍን ባለቤት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የፕሮፌሰር አስመሮም ዝናም የተመሠረተው በጽሑፎቻቸው ብዛት ሳይሆን በጥቂት ታላላቅ ሥራዎች ላይ ነው።

ሌላው ችግር ብዙ መጠቀስ ከእውነትነት ጋር አንድ አለመሆኑ ነው። ይህም የሰውን አእምሮና ጠባይ በሚያጠናው በሥነ ልቦና ትምህርት ጎልቶ ታይቷል። በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው በታወቁ መጽሔቶች የወጡ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው አስተማማኝ ውጤት እንዳገኙ ተዘግቦ ነበር። በድጋሚ ሲሠሩ ግን እንዲህ ያለ ውጤት የተገኘው በ36 በመቶው ብቻ ነው። ቀደም ሲል በ2008 ጄፍሪ አርኔት የተባሉ ምሁር በአሜሪካ ዋና ዋና የሥነ ልቦና መጽሔቶች ላይ ባደረጉት ምርመራ ለጥናት ከቀረቡት ሰዎች 96 በመቶው የምዕራባውያን ኢንዱስትሪ አገሮች ተወላጆች መሆናቸውን ገልጸዋል። የእነዚህ አገሮች ሕዝብ ግን ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ተጽፏል የተባለው ነገር በሞያሌ ገበያ ስለሚውለው ሰው ምንም ያልጠየቀ ነበር ማለት ነው።

ሰ. ቆጠራው የማያያቸው

የዋቢ ቆጠራ የታተመውን ብቻ ይቆጥራል። ከታተመውም ውስጥ በይበልጥ የሚቆጥረው በታላላቆቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች የወጣውን ነው። በእሳት ዳር ተቀምጦ የከዋክብትን ስም ለተመራማሪው የነገረው አያንቱ በዚህ ቆጠራ ውስጥ ቁጥር የለውም። የቦረናን የትውልድ ታሪክ በቃሉ ይዞ የኖረው ሽማግሌም እንዲሁ ነው። ሆኖም ያለ እነርሱ መጽሐፉ ባልተጻፈ፣ ያለ መጽሐፉም ክርክሩ ባልተነሣ ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሞከሩት መካከል የኬንያዋ ሞያሌ ተመራማሪ አብዱላሂ ሾንጎሎ ይገኙባቸዋል። ሾንጎሎ ስለ ጉሚ ጋዮ ጉባኤ የጻፉት ጥናት በ1994 በአንድ የጀርመን የሥነ ሕዝብ መጽሔት ላይ ታተመ። ከዚያም በጀርመን አገር በሐለ ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ተቋም ዲሬክተር ከነበሩት ከጉንተር ሽሌ ጋር በመተባበር በ2007 የቦረናን ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ በ2012 ደግሞ ስለ ሰሜን ኬንያና ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች የሚያትቱ መጻሕፍት አወጡ። በእነዚህ መጻሕፍት ሽፋን ላይ የአገሩ ሰው ስም የሰፈረው በጸሐፊነት ነው። ቀድሞ ተጠያቂ ብቻ ሆኖ ይኖር የነበረ ወገን እዚህ ላይ ጠያቂም ጸሐፊም ሆኗል።

በአጠቃላይ የአንድ ጥናት ዋጋ በቁጥር ብቻ አይታወቅም። ቁጥሩ ጥናቱ ምን ያህል ሩቅ እንደ ተጓዘ ያሳያል፤ በጉዞው ላይ እውነቱ ሳይዛባ መድረሱን ግን አያሳይም። ይህን ለማወቅ ምንጩን መፈለግ፣ ልኩን እንደገና መለካት፣ የአገሩንም ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። የሞያሌ ተማሪ አያቱ ወሩን እንዴት እንደሚለዩ ጠይቆ፣ የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ጽፎ፣ ከሥሩም የነጋሪውን ስም በፈቃዳቸው ቢያሰፍር የምሁራንን ሥራ ጀምሯል ማለት ይቻላል። እነዚያ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን በኋላ በየትኛውም መጽሔት ላይ መልስ አያገኝም።

የቃላት ፍች

ዋቢ፦ ምስክር፤ ለተነገረ ወይም ለተጻፈ ነገር ማስረጃ የሚሆን ጽሑፍ።
ተጠቃሽነት፦ አንድ ሥራ በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ በምንጭነት መጠራቱ።
መባቻ፦ የወር መጀመሪያ ቀን።
አድማስ፦ ሰማይና ምድር የተጋጠሙ መስለው የሚታዩበት ሥፍራ።
ሥነ ፈለክ፦ የሰማይ አካላትን የሚያጠና ትምህርት።
ዓመተ ዓለም፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ዘመን።
ትርጓሜ፦ አንድን ነገር የመረዳትና የማብራራት መንገድ።
ተናጋ፦ ከመሠረቱ ተነቃነቀ፤ ጽናቱን አጣ።

መልመጃ አንድ

ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. የ1907ቱ ስምምነት በቦረና ሕዝብ ኑሮ ላይ ምን አስከተለ? ምንስ ሳይለወጥ ቀረ?
2. በገዳ ሥርዓት በአባት ክፍልና በልጅ ክፍል መካከል 40 ዓመት የሚያልፈው ለምንድን ነው?
3. በቦረና አቆጣጠር አንድ የቀን ስም ዘወትር በወር መባቻ ላይ የማይውለው በምን ምክንያት ነው?
4. ሮበርት ሶፐር በናሞራቱንጋ ዐምዶች ልክ ላይ ጥርጣሬ ያነሡት ለምንድን ነው?
5. ሎረንስ ዶይል ያነሡትን ጥያቄ በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
6. «የተናጋው ዐምዶቹን ከዚያ እውቀት ጋር ያያያዘው መደምደሚያ ነው» የሚለው አባባል ምን ማለት ነው?

መልመጃ ሁለት

የአንድ ምሁር አምስት ሥራዎች 12፣ 7፣ 5፣ 4 እና 2 ጊዜ ተጠቅሰዋል። በሂርሽ አሠራር መሠረት የምሁሩን መለኪያ አስሉ፤ መልሱን እንዴት እንዳገኛችሁትም በጽሑፍ ግለጹ።

መልመጃ ሦስት

የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

ሀ. በግንባር ቀደምትነት
ለ. በዋቢነት
ሐ. ሳይጨምርና ሳይቀንስ
መ. ተናጋ
ሠ. መባቻ

መልመጃ አራት

በአካባቢያችሁ የሚገኙ አንድ አዛውንት ወቅትን፣ ዝናብን ወይም ወራትን በምን ምልክት እንደሚለዩ ጠይቁ። የነገሯችሁን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ድርሰት አቅርቡ። በድርሰቱ መጨረሻ ላይ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ የነጋሪውን ስም፣ የተጠየቁበትን ቦታና ቀን ጻፉ። ከዚያም ሌላ አዛውንት ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቃችሁ ሁለቱ መልሶች የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ነጥብ በክፍል ውስጥ አስረዱ።